ሳንባ ቀድሞ ይመለሳል

ከመቐለ ወደ ኲሓ የሚወጣው አስፋልት እንዳ ኢየሱስ ጋ ዳገቱ ይጠናል። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋሷም ኃይለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖቹን ይዞ እዚሁ አካባቢ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ በቂ ልምምድ ያልሠራ ሯጭ ወዲያው የሚታወቅ ይመስላል። ግን አይታወቅም። ራሱም ሳያውቀው ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በትግራይ ጦርነት ሁለት ዓመታት የክልሉ ሯጮች ልምምድ ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ መንገዱ የተመለሰ ሯጭ የድሮ ሰዓቱን አልረሳም፤ ቤተሰቡም ገቢ ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው።

«አሰልጣኝ፣ ትንፋሼ ተመልሷል። ማራቶን ብገባስ?»

«ትንፋሽህን አይደለም የምጠይቅህ፤ እግርህን አሳየኝ።»

መልሱ ከጭካኔ የመጣ አይደለም። ልምምድ ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ፈሳሽ መጠን ይቀንሳል፤ ሩጫው ሲጀመርም ቶሎ የሚመለሰው እሱ ነው። ልብ ይረጋጋል፣ ትንፋሽ ይስተካከላል፣ ሯጩም «ድኛለሁ» ይላል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲበዛበት በመጀመሪያ አሮጌውን ክፍሉን አፍርሶ፣ ከዚያ ነው አዲሱን የሚገነባው። በመካከል ባሉት ሳምንታት ከወትሮው ይልቅ ይዳከማል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሳንባው ፍጠን በሚልበት ሰዓት እግሩ ገና አልደረሰም።

አሰልጣኙ በአውራ ጣቱ የሯጩን ቅልጥም የውስጥ ጠርዝ እየተጫነ ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ሕመሙ ረዘም ባለ ቦታ ላይ ከተሰማ፣ በእረፍትና ልምምድን በመቀነስ የሚድን ሊሆን ይችላል። አንዲት ጣት በምትሸፍነው ቦታ ብቻ ሲወጋና ሯጩ በዚያ እግሩ ብቻ መዝለል ሲያቅተው ግን አጥንቱ መሰንጠቅ መጀመሩ ይጠረጠራል። ከዚያ ወዲያ ሐኪም እንጂ ውድድር የለም።

ይህን ሲሰሙ አበበ ቢቂላን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2:12:11 ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ነበር። ግን ያ ድል ያለ ልምምድ የመጣ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በስተጀርባ የዓመታት ሩጫ አለ፤ የተቋረጠበትም ሳምንታት ብቻ ነው። ይኸው አበበ ከ4 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ፣ እንደ መቐለ ደጋ በሆነችው ከተማ፣ እግሩ ተጎድቶ ገና ግማሽ ሳይደርስ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። ወጣቱ ሯጭ ሁለቱንም ታሪክ አብሮ መስማት አለበት። ቶኪዮን ብቻ እየነገሩ ልጅን ወደ አስፋልት መላክ ይጎዳዋል።

የአየሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በደጋ ነፋስ የለመደ ሰው ሙቀት ሲገጥመው የተሟላ ዝግጅት እንኳ ላያድነው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ፤ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱ መካከል ናቸው። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች የገባችው በ2:32:43 ነው፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዱባይ ላይ ከሮጠችው 2:17:08 ከ15 ደቂቃ በላይ ዘግይታ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያዋ ባተርስት ከተማ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ደግሞ የትግራይዋ ለተሰንበት ግደይ በኃይለኛ ሙቀት ስትመራ ቆይታ፣ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች።

እንዲህም ሆኖ ለማራቶን የተመዘገበና ለጉዞው የተበደረ ሯጭ ይኖራል፤ እሱን «አትሂድ» ማለት ብቻ አይጠቅመውም። የድሮ ሰዓቱን ትቶ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ ሊዘልቀው በሚችለው ፍጥነት ይሂድ፤ ከ30 ኪሎ ሜትር አካባቢ በኋላ የጡንቻ ስንቅ እንደሚያልቅ አውቆ ምግቡን ሳይርበው ይጀምር። ውሃውን በጥማቱ ልክ ይጠጣ፤ ከመጠን ያለፈ ውሃም የደምን ጨው አሳንሶ ሰው ይጥላል። ሕመም አረጋገጡን ካስቀየረው ያቁም። የት የት ቦታ ማቆም እንደሚችል፣ እዚያ ማን እንደሚጠብቀው ከመነሻው በፊት ይነገረው፤ የመመለሻ ትራንስፖርቱን ገንዘብም በቁምጣው ኪስ ይያዝ።