ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ሆድ ሲገናኙ

ብቻውን ሲሰጥ የሚያድን መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋራ ሲሰጥ ኃይሉን ሊያጣ ወይም ሊጐዳ ይችላል። ይህም ነገር በሽታ አምጪ የሆኑትን ረቂቅ ተሕዋስያን በሚገድሉት፥ አንቲባዮቲክ በሚባሉት መድኃኒቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። የሰውና የከብት ጤንነት የአገር ሀብት መሠረት ስለ ሆነ፥ ሕዝብ እንድታስተዳድሩ አደራ የተጣለባችሁ ሁሉ ነገሩን አውቃችሁ ታስረዱ ዘንድ ይህን አቅርበናል።

መድኃኒቶች የሚገናኙበት ስፍራ በተለይ ሁለት ነው፤ አንደኛው ሆድ፥ ሁለተኛው ጉበት ነው።

ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት በሆድ ውስጥ ከወተት ካልሲየም፥ ለደም ማነስ ከሚሰጠው የብረት ኪኒን፥ ደግሞም ለቃር ከሚወሰደው መድኃኒት ጋራ ይጣበቃል። የተጣበቀውም ወደ ደም ሳይገባ ከዓይነ ምድር ጋራ ይወጣል። ስለዚህ ኃይል ይሰጠኛል ብሎ በወተት የሚውጠው በሽተኛ መድኃኒቱን ወሰድሁ ይላል እንጂ ብዙውን አላገኘውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በውሃ ይዋጥ፥ ከእነዚህም ነገሮች ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይራቅ።

ጉበት ደግሞ እንደ ወፍጮ ነው፤ ሰውነት የተቀበለውን መድኃኒት እየፈጨ ያስወግዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የተገኘው ሪፋምፒሲን ለሳንባ ነቀርሳ ዋነኛ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ይህን ወፍጮ እጅግ ያፈጥነዋል። በዚህም ምክንያት የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ሳታስበው ልትፀንስ ትችላለች። ለኤችአይቪ በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊግራም የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ከሪፋምፒሲን ጋራ ሲሆን ጧትና ማታ 50፥ 50 ሆኖ ይታዘዛል። ሪፋምፒሲን ካበቃም በኋላ ፍጥነቱ 2 ሳምንት ያህል ይቆያል። ይህን የሰማ በሽተኛ ግን በገዛ ፈቃዱ የሳንባውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ በብርቱ ይመከር፤ የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

ወፍጮውን የሚያቆምም አለ። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የዶሮ አንጀት በሽታ ለመከላከል ሞኔንሲን በመኖ ይጨመራል፤ ለመተንፈሻ በሽታም ቲያሙሊን በውሃ ይሰጣል። ሁለቱ በአንድነት ሲሰጡ ቲያሙሊን ጉበትን ያግደዋል፤ ሞኔንሲንም ሳይፈጭ ተከማችቶ መርዝ ይሆናል። ዶሮዎቹ መብላት ይተዋሉ፥ እግራቸው ይዝላል፥ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ባለቤቱም በሽታው ጸና ብሎ የሚገድለውን መድኃኒት ይጨምር ይሆናል። ስለዚህ ሞኔንሲን ያለበት መኖ ከቲያሙሊን በፊትም ሆነ በኋላ 7 ቀን አይሰጥ። በዓሣማም ላይ ጉዳቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ በየአውራጃችሁ ሦስት ነገር እንዲጠበቅ አሳስቡ። መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ አስቀድሞ «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» ብሎ ይጠይቅ። በሽተኛውም የያዘውን ኪኒን ሁሉ ይዞ ይቅረብ። ዶሮ አርቢውም በመኖው ከረጢት ላይ የተጻፈውን ሳያስነብብ ለእንስሳት ሐኪም ጉዳዩን አይንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሚወስደውን መድኃኒት የደበቀም እንደዚሁ ነው።