ዜማ፥ ጆሮና እርጅና፤ በይምርሐነ ክርስቶስ መነሻነት

ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን፥ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዛጔ ነገሥታት ዘመን የታነጸ ሲሆን፥ ግድግዳው የእንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ ንብርብር ነው። ሕንፃውን አይተው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን የምንመለከተው በዚያም ሆነ በሌሎቹ የላስታ አድባራት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ዜማ በሽማግሎች ጆሮና አንጎል ላይ ምን እንደሚሠራ ነው።

ማሕሌት ከአንድ ሰው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ግእዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን ለይቶ መስማት፥ በመቋሚያ መዝመም፥ ጸናጽሉን ከከበሮው ጋራ ማስማማት፥ ቃሉንም ከልብ ማውጣት ያስፈልጋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጁ የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች የተማሩትን ያስታውሳሉ እንጂ አዲስ አያስተምሩም፤ ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው በምልክቱ ብቻ ሊያዜም አይችልም። ቅኔም ቢሆን ለየበዓሉ አዲስ ሆኖ መቅረብ አለበት። እንግዲህ መስማት፥ ማስታወስ፥ እንቅስቃሴና ፈጠራ በማሕሌት ባንድነት ይገናኛሉ ማለት ነው፤ የሁሉም በር ደግሞ ጆሮ ነው።

ጆሮ እንዴት እንደሚያረጅ ባጭሩ እንግለጽ። በውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል ጥምዝ ክፍል አለ፤ በእርሱም ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ጠጉር መሰል ሕዋሳት የድምፅን ሞገድ ተቀብለው ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ዘንድ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በእርጅና ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሰው መናገሩን ይሰማል፥ ነገር ግን «ሠራ» እና «ፈራ» ይምታቱበታል። «ድምፁ ይሰማኛል፥ ነገሩ ግን አልገባኝም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዜማ ይህን እርጅና ያስቀራልን? በካናዳ ዜንደልና አላን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ የሙዚቀኞችም ሆነ የሌሎች ሰዎች ጆሮ ቀጭን ድምፅን በመስማት ረገድ እኩል ይደክማል። ሆኖም በጫጫታ መካከል ንግግርን ለይቶ በመረዳት፥ የ70 ዓመቱ ሙዚቀኛ ሙዚቃ ካልተማረው የ50 ዓመት ሰው ጋራ የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ጆሮው አርጅቷል፤ አንጎሉ ግን ማዳመጥን ተምሯል።

ስለ ማስታወስም ለእኛ ሊቃውንት የቀረበ ምሳሌ ከህንድ አገር እናገኛለን። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ የሳንስክሪት መጻሕፍትን ከልጅነታቸው ጀምረው በቃላቸው ያጠኑ 21 ሊቃውንት አንጎል ከሌሎች 21 ሰዎች ጋራ ተነጻጽሯል። በሊቃውንቱ ዘንድ የቋንቋና የማስታወስ ክፍሎች በርከት ያለ ግራጫ ሕዋስ ታይቶባቸዋል። በኒው ዮርክም ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆነ 469 ሰዎችን የተከታተለና በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱና የሚጨፍሩ ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አመልክቷል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን «ማሕሌት የመርሳት በሽታን ይከለክላል» ብንል ከማስረጃው አልፈን መሄዳችን ነው። ጤነኛ አንጎል ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚዘምር ይሆናል እንጂ፥ ዘፈኑ ወይም ጭፈራው ጤናን አመጣ ለማለት እነዚህ ጥናቶች አይበቁም።

ይልቁንም ጉዳዩን በሌላ ወገን ማየት ይጠቅማል። የዋሻ ድንጋይ ድምፅን መልሶ ስለሚያስተጋባ፥ ከዘማሪው አፍ የወጣው ድምፅና ከግድግዳው የተመለሰው ባንድ ጆሮ ይደራረባሉ። ይህ ለወጣት ጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ለደከመ ጆሮ ግን ቃልን ከቃል ለመለየት ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ የመሪውን ቃል ሲስት ያፍራል፤ ሲያፍር ወደ ኋላ ይቆማል፤ በመጨረሻም ከቤቱ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከአፉ የሚማረው ተማሪም መምህሩን ያጣል።

የመስማት ድካም ደግሞ ሊታገዝ የሚችል ነው። በአሜሪካ 977 ሽማግሎችንና አሮጊቶችን ለ3 ዓመት በተከታተለውና በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ሙከራ፥ የመስሚያ መሣሪያና ምክር መስጠት በጠቅላላው ልዩነት ባያሳይም፥ ለአእምሮ መድከም ይበልጥ በተጋለጡት ዘንድ ድካሙን በ48 በመቶ አዘግይቷል።

ስለዚህ በየደብሩ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ይመስለናል። ይኸውም ጆሮው የደከመ ሊቅ የመሪውን አፍ በሚያይበት ስፍራ ይቁም፤ ድምፅ ማጉያ ባለበት ደብር ማጉያው ከሽማግሎች ጆሮ ይራቅ፥ ኀይለኛ ድምፅ የቀሩትን ሕዋሳት ይገድላልና። ሲያናግሩትም ከመጮህ ይልቅ ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። የጆሮ ኩክ ብቻውን መስማትን ሊያደክም ስለሚችል፥ «እርጅና ነው» ብሎ ከመተው በፊት ሐኪም ይየው። ድጓውን ብራና ይጠብቀዋል፤ የዜማው አወጣጥ ግን የሚጠበቀው በሚሰማና በሚያሰማ ሰው ነው።