ኔትወርክ ሲጠፋ የማይጠፋ ሬዲዮ፦ መኪናችሁ ላይ ከማስገጠማችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

በመስከረም 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከደሴቲቱ የሞባይል ማማዎች 95 በመቶ ያህሉ ሥራ አቆሙ። ስልክ በየኪሱ አለ፣ ግን የሚደወልለት የለም። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ያኔ ምን ጠየቀ መሰላችሁ? 50 የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች። ማማም ኢንተርኔትም ሳያስፈልጋቸው፣ ባትሪና አንቴና ብቻ ይዘው "ቤተሰባችን ደህና ነው" የሚል መልእክት የሚያሻግሩ ሰዎች ማለት ነው።

አማተር ሬዲዮ (ብዙዎች ሃም ሬዲዮ ይሉታል) ለትርፍ ሳይሆን ለመማር፣ ለመገናኘትና ለችግር ቀን የሚሠራበት የሬዲዮ አገልግሎት ነው። ቲክቶክ ላይ "ያለ ሲም ካርድ የሚሠራ ስልክ" እያሉ ርካሽ ሬዲዮ ሲያስተዋውቁ አይታችሁ ይሆናል። ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እስቲ ነገሩን እንየው።

1. መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ዕቃ

ኢትዮጵያ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ "አንድ ሬዲዮ ይዘህልኝ ና" ማለት ቀልድ አይደለም። ያለ ፈቃድ የመጣ ሬዲዮ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል፣ ጣጣው ደግሞ የሚተርፈው ለዘመዳችሁ ነው። ነገሩን በሕጋዊ መንገድ ማወቅ የሚፈልግ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርን ይጠይቅ። ማኅበሩ 5 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የክለብ ጣቢያ አለው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የእናንተ መንገድ ቀለል ይላል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ዜግነት አይጠየቅም፣ ሞርስ ኮድ መቻልም ከቀረ ቆይቷል። ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአማተር ሬዲዮ የሥራና የንግድ ጉዳይ ማውራት ክልክል ነው። ለመንገድ ወሬ ፈቃድ የማይጠይቀው ሲቢ ሬዲዮ፣ ቻናል 19፣ ይበቃችኋል።

2. የእጅ ወይስ የመኪና?

እንደ ባኦፌንግ ያሉት ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች ጉልበታቸው 5 ዋት አካባቢ ነው። እንደ ያኤሱ፣ አይኮምና ኬንዉድ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው የመኪና ሬዲዮዎች ደግሞ በብዛት 50 ዋት አካባቢ ይደርሳሉ። ዋት ብቻውን ግን አይሸውዳችሁ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ በእጅ ሬዲዮ ስታወሩ የመኪናው ብረት ሞገዱን ያፍነዋል። ያንኑ የእጅ ሬዲዮ ጣሪያ ላይ ካለ አንቴና ጋር ብታገናኙት ልዩነቱን ወዲያው ታያላችሁ።

3. ምን ያህል ርቀት?

"50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። የ2 ሜትር ባንድ (145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) እና የ70 ሳንቲ ሜትር ባንድ (430 ሜጋኸርዝ አካባቢ) እንደ ዓይን ናቸው፤ ተራራ ከጋረዳቸው አለቀ። ርቀት የሚጨምርላቸው ሪፒተር ነው፦ ከፍታ ላይ ተተክሎ ድምፃችሁን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላ የሚያስተላልፍ ጣቢያ። ስለዚህ ሬዲዮ ከመምረጣችሁ በፊት አካባቢያችሁ ሪፒተር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በአጭር ሞገድ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ 14 ሜጋኸርዝ ላይ ያሉት፣ ከላይኛው ከባቢ አየር ተመልሰው አህጉር ያቋርጣሉ። ግን ውድ ናቸው፣ አንቴናቸውም ይረዝማል።

4. ገንዘባችሁን አንቴናው ላይ

ለ2 ሜትር ባንድ ቀላሉ አንቴና ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምርጥ ቦታው የጣሪያው መሀል ነው። ማግኔት ያለው አንቴና ሳትበሱ ይቀመጣል፣ ጣሪያው አሉሚኒየም ከሆነ ግን አይይዝም። ከተገጠመ በኋላ ኤስ ደብሊው አር የሚባለውን ልኬት አስለኩ። 1.5 ጥሩ ነው፤ ከ2 ካለፈ የላካችሁት ጉልበት ወደ ሬዲዮው እየተመለሰ ነው። አንቴና ሳይሰካ የማውሪያውን ቁልፍ መጫን ደግሞ ሬዲዮውን ሊያቃጥለው ይችላል።

5. መብራቱ ከየት?

50 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ሲያወራ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ለዚህ አልተሠራም፣ ሽቦው ሊግል ይችላል። ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ሳቡ፣ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አድርጉ። ፊውዙ ራቅ ካለ፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

6. ስታወሩ

መጀመሪያ አዳምጡ፣ ሰው እያወራ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ጠብቁና ጀምሩ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። መለያ ስማችሁን ተናገሩ (የኢትዮጵያ ጣቢያዎች "ኢ ቲ" በሚሉ ፊደላት ይጀምራሉ)። አጭር ተናገሩ፣ በመሀል ክፍተት ተዉ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ዘፈን መልቀቅም ሚስጥራዊ ኮድ መጠቀምም አይፈቀድም። መንገዱ ከተጨናነቀ ደግሞ ማይኩን አስቀምጡ።

ገና ምንም ሳትገዙ መጀመር ትፈልጋላችሁ? ሆላንድ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚከፈት የአጭር ሞገድ መቀበያ አለው። በስልካችሁ ብሮውዘር "ዌብ ኤስ ዲ አር" ብላችሁ ፈልጉት፣ ነፃ ነው። አንድ ሁለት ምሽት ሰዎቹ እንዴት እንደሚጠራሩ አዳምጡ። ከወደዳችሁት ፈቃዱን ጠይቁ፣ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከውጭ ሬዲዮ ሊያስመጣ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት።