በበረራ ላይ ኤሌክትሪክ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን የመቀመጫ ሶኬት ምን ያህል ያስተማምናል?

ለሕክምና ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ የሚሄዱ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚጓዙ ሕሙማን ለበረራ ብቁ መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ለማግኘት ወደ ጤና ተቋማት ይመጣሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራውን ኮንሰንትሬተር፣ ሌሎቹ ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር ቧንቧን ክፍት የሚያደርገውን ሲፓፕ ይዘው ይጓዛሉ። መሣሪያው በጉዞው ላይ በምን ኃይል እንደሚሠራ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «አውሮፕላኑ መቀመጫው ላይ ሶኬት አለው» የሚል ነው።

መልሱ በአብዛኛው እውነትነት ቢኖረውም ለሕሙማን ደኅንነት ዋስትና ሊሆን አይችልም። የመቀመጫ ሶኬት የተዘጋጀው ለኮምፒውተርና ለስልክ ተጠቃሚዎች ምቾት እንጂ ሕይወት የሚደግፍ መሣሪያ ያለማቋረጥ እንዲሠራበት ታስቦ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያዎች የአሠራሩን ውሱንነት ተረድተው ተጓዥ ሕሙማንን በአግባቡ እንዲያዘጋጁ መርዳት ነው።

የካቢን አየርና የኦክስጅን ፍላጎት

የመንገደኞች አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበር የካቢኑ አየር እየታመቀ የሚቆይ ቢሆንም ግፊቱ ከባሕር ጠለል ግፊት ጋር እኩል አይሆንም። በደንቡ መሠረት በመደበኛ በረራ ወቅት የካቢን ግፊት በ8,000 ጫማ፣ ማለትም በ2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው በታች መውረድ የለበትም። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት ከ760 ወደ 565 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። ይህም በባሕር ጠለል ላይ 15 በመቶ ብቻ ኦክስጅን ያለበት አየር ከመተንፈስ ጋር የሚመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የታተመና 502 ፈቃደኛ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ በ8,000 ጫማ ከፍታ ግፊት ውስጥ የደም ኦክስጅን ሙሌት በአማካይ በ4.4 በመቶ ነጥብ ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ይህንን ቅናሽ ሳያውቀው ያሳልፈዋል፤ ሥር የሰደደ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ላይቋቋመው ይችላል።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ልዩ ትርጉም ያለው ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የከተማዋ አየር ከካቢን አየር ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ በእረፍት ጊዜ የተለካ ሙሌት በበረራ ላይ ሊጠበቅ ስለሚችለው ሁኔታ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በአንጻሩ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ ያለ ኦክስጅን ድጋፍ ደኅና ሆኖ የሚኖር ሕመምተኛ፣ በአውሮፕላን ውስጥ ኦክስጅን ሊያስፈልገው ይችላል። በውጭ አገር መመሪያዎች የሚጠቀሱት የሙሌት ወሰኖች በባሕር ጠለል ላይ ለሚለካ ሰው የተዘጋጁ በመሆናቸው በደጋማው የአገራችን ክፍል እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም። እንደ ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች የካቢን ግፊት ከ6,000 ጫማ ወይም ከ1,829 ሜትር ከፍታ ግፊት ጋር እንዲመጣጠን መደረጉ ለእነዚህ ሕሙማን ጠቀሜታ አለው፤ ሆኖም የአውሮፕላኑ ዓይነት ከመነሻው ጥቂት ሰዓታት በፊት ሊቀየር ስለሚችል በእርሱ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም።

የመቀመጫ ኤሌክትሪክ አሠራር

በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች በሞተሮቹ የሚነዱ ጄኔሬተሮች የሚያመነጩት ኃይል 115 ቮልትና 400 ኸርዝ ነው። ከፍተኛ ድግግሞሽ የተመረጠው ትራንስፎርመሮችና ሞተሮች አነስተኛና ቀላል እንዲሆኑ ስለሚያስችል ነው። ይህ ኃይል ለመንገደኛ ዕቃ በቀጥታ ስለማይስማማ፣ በመቀመጫ ሥር የሚቀመጥ መቀየሪያ ወደ 110 ቮልትና 60 ኸርዝ ይለውጠዋል። በ1990ዎቹ በተዘረጉት የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች ላይ የሚገኘው ግን 15 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ሲሆን፣ የራሱ የሆነ ልዩ መሰኪያ የሚፈልግና ለአንድ መንገደኛ እስከ 75 ዋት ብቻ የሚሰጥ ነበር። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ መቀመጫዎች የዩኤስቢ ቀዳዳም አላቸው፤ ይህ ለስልክና የስኳር መጠን በተከታታይ ለሚለኩ መሣሪያዎች ተቀባይ ቢበቃም ለኮንሰንትሬተር አይሆንም።

ከዚህ አሠራር አራት ተግባራዊ ችግሮች ይመነጫሉ። አንደኛው የቮልቴጅ ነው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ ለ220 ቮልት ብቻ ተሠርቶ እዚህ ሲያገለግል የቆየ መሣሪያ በአውሮፕላን ላይ አይሠራም። የኃይል መስጫው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልትና 50/60 ኸርዝ የሚል መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአቅም ችግር ነው። እርጥበት ማሞቂያው የጠፋ ሲፓፕ የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ሲሆን፣ ማሞቂያው ሲበራ ግን ፍጆታው በእጅጉ ይጨምራል። ኦክስጅንን ያለማቋረጥ የሚያፈስ ኮንሰንትሬተር፣ በተለይም እየሠራ ባትሪውን በሚሞላበት ጊዜ፣ ከ100 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። መጭመቂያ ያለው የኔቡላይዘር መሣሪያም እንዲሁ ነው። የመቀመጫው ሥርዓት ከወሰኑ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ያቋርጣል። በተጨማሪም አንድ መቀየሪያ ለሁለት ወይም ለሦስት መቀመጫዎች ስለሚያገለግልና ለካቢኑ የተመደበው ኃይል በአጠቃላይ የተወሰነ ስለሆነ፣ ብዙ መንገደኞች በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ ኋላ የሰካው ሰው ኃይል ላያገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የመሰኪያ ችግር ነው። ሕፃናት ባዕድ ነገር ከተው እንዳይጎዱ ብዙ ሶኬቶች ኃይል የሚሰጡት ሁለቱ እግሮች በአንድነት መግባታቸውን ሲያረጋግጡ ብቻ ነው። የላላ ወይም በማስተካከያ የተቀጠለ መሰኪያ በሚነቃነቅበት ጊዜ ኃይሉ ይቋረጣል።

አራተኛውና ዋናው ችግር ኃይሉ ሆን ተብሎ ሊጠፋ መቻሉ ነው። ብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ የመቀመጫ ኤሌክትሪክን ያጠፋሉ። ጄኔሬተር ሲበላሽ ወይም ጭስ ሲታይም ከሁሉ በፊት ከሚቋረጡት ውስጥ የመንገደኞች ኃይል ይገኛል። የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት በአሳዛኝ አደጋ ታይቷል። መስከረም 2 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስኤር 111 አውሮፕላን በእሳት ምክንያት ካናዳ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 229 ሰዎች አልቀዋል። የካናዳ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ዘገባ፣ እሳቱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ብልጭታ መነሣቱን፣ ብልጭታ ከታየባቸው ሽቦዎች አንዱ የመንገደኞች መዝናኛ ሥርዓት መሆኑን፣ ይህም ሥርዓት የካቢን ኃይል በሚያቋርጠው ማጥፊያ እንዳይጠፋ ሆኖ መገጠሙን ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ የመንገደኞች ኤሌክትሪክ በበረራ ሠራተኞች በቀላሉ ሊቋረጥ የሚችል እንዲሆን ይጠየቃል። ስለዚህ ሶኬቱ መጥፋት መቻሉ ጉድለት ሳይሆን የሁሉንም መንገደኞች ሕይወት የሚጠብቅ አሠራር ነው፤ በሶኬቱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሕመምተኛ ግን ያን ጊዜ ያለ ረዳት ይቀራል።

ደንቦቹ ምን ይላሉ?

የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በካቢን ውስጥ ተንቀሳቃሽ ኮንሰንትሬተር መጠቀምን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ፈቃዱ ያን ጊዜ ሁለት ሞዴሎችን ብቻ ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሞዴሎችን በስም መዘርዘር ቀርቶ፣ መሣሪያው መስፈርቱን ማሟላቱን በቀይ ጽሑፍ የሚገልጽ የአምራቹ ምልክት በቂ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ወደ አሜሪካና ከአሜሪካ በሚደረጉ በረራዎች የሚሠራው ደንብም፣ አየር መንገዱ መንገደኛው የሚጠበቀውን የበረራ ጊዜ 150 በመቶ የሚሸፍን በሙሉ የተሞላ ባትሪ እንዲይዝ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ደንቡ ስሌቱን በባትሪ ላይ ማድረጉ በራሱ ትምህርት ሰጪ ነው።

በሌላ በኩል የሊቲየም ባትሪ ራሱ የእሳት ምንጭ ሊሆን ስለሚችል ገደብ ተጥሎበታል። መጠኑ የሚለካው በዋት-ሰዓት ሲሆን፣ ይህም ቮልቱን በአምፔር-ሰዓት በማባዛት ይገኛል። ለምሳሌ 14.4 ቮልትና 6.8 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ 98 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ያውም ከሁለት ያልበለጠ ትርፍ ብቻ፣ ይያዛል። ትርፍ ባትሪ ምንጊዜም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም። ፓወር ባንክን በተመለከተ ቁጥጥሩ ይበልጥ ጠብቋል፤ ለምሳሌ ኤምሬትስ ከጥቅምት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፕላን ውስጥ መጠቀምን ከልክሏል። ስለዚህ ፓወር ባንክ የሕክምና ባትሪ ምትክ ሆኖ ሊታሰብ አይገባም።

የባትሪ ስሌት ምሳሌ

አንድ ሕመምተኛ የ9 ሰዓት በረራ አለው እንበል። 150 በመቶው 13 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በታዘዘለት መጠን አንድ ባትሪ 4 ሰዓት የሚያገለግል ከሆነ አራት ባትሪዎች ያስፈልጉታል። እያንዳንዱ ባትሪ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ከሆነ ችግር የለም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሣሪያው ላይ ካለው ጋር ሦስት ብቻ መያዝ ስለሚችል የሚያገኘው 12 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። መፍትሔው ጉድለቱን በመቀመጫ ሶኬት ይሞላል ብሎ መገመት አይደለም። አየር መንገዱ ራሱ ኦክስጅን እንዲያቀርብ አስቀድሞ መስማማት፣ ጉዞውን በእረፍት ከፋፍሎ በየመሐሉ ባትሪዎቹን መሙላት፣ ወይም አነስተኛ ባትሪ ያለው መሣሪያ መፈለግ ይገባል። የባትሪው ዕድሜም በአምራቹ ጽሑፍ ላይ ብቻ ሳይመሠረት፣ ሕመምተኛው በታዘዘለት መጠን እየተጠቀመ በሰዓት ሊለካ ይገባዋል፤ ያረጀ ባትሪ እንደ አዲስ አያገለግልም።

ባለሙያው ከጉዞው በፊት ሊያከናውናቸው የሚገቡ ተግባራት

1. የሕመምተኛውን የኦክስጅን ሙሌት፣ የተለካበትን ከተማ ከፍታና የሄሞግሎቢን መጠን መዝግቦ ፍላጎቱን መወሰን።

2. የአየር መንገዱን የሕክምና መረጃ ቅጽ፣ ማለትም ሜዲፍን፣ መሙላት፤ በቅጹ ላይ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የኦክስጅኑን መጠንና የባትሪዎቹን ብዛት በግልጽ ማስፈር። ይህ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መጠናቀቅ አለበት።

3. የባትሪውን ስሌት ከቤት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገውን ጉዞና የመተላለፊያ ቆይታን ጨምሮ መሥራት፤ የመቀመጫ ሶኬትን ከስሌቱ ማውጣት።

4. የትርፍ ባትሪዎቹን ጫፎች በፕላስተር መሸፈን ወይም እያንዳንዱን በየራሱ ከረጢት ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ ማስተማር።

5. ሲፓፕ ተጠቃሚ የሆነ ሰው እርጥበት ማሞቂያውን አጥፍቶና ውኃውን ደፍቶ እንዲጠቀም፣ በጉዞው ዋዜማና በበረራው ላይ ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት እንዲቆጠብ መምከር።

6. ኔቡላይዘር የሚጠቀም የአስም ሕመምተኛ በስፔሰር የሚወሰድ የሚነፋ መድኃኒት በእጅ ሻንጣው እንዲይዝና አወሳሰዱን እንዲለማመድ ማድረግ።

7. ያለማቋረጥ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሕመምተኛ መሣሪያውን ከሚያውቅ አጃቢ ጋር ካልሆነ እንዳይጓዝ ማሳሰብ።

ማጠቃለያ

የመቀመጫ ኤሌክትሪክ ሲገኝ ባትሪን ለመቆጠብ ይረዳል፤ ሕመምተኛውም እንዲጠቀምበት ሊበረታታ ይገባል። ነገር ግን ኃይሉ የተወሰነ፣ ከሌሎች ጋር የሚጋሩትና በማንኛውም ጊዜ ሊቋረጥ የሚችል ነው። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የጎደለውን ባትሪ መተካት አይቻልም። የሕመምተኛው ደኅንነት የሚወሰነው ማስረጃው ከመፈረሙ በፊት በምርመራ ክፍሉ ውስጥ በሚሠራው ስሌት ነው፤ ስሌቱም ሶኬቱ ፈጽሞ እንደሌለ ተቆጥሮ መሠራት አለበት።