የግጦሽ መሬት በውል ሲጠበቅ

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። ከብት አርቢዎች የሚኖሩበት ኰረብታማ የግጦሽ አገር ነው። ነገር ግን ከታላቁ ከተማ በድልድይ የተገናኘ ስለ ሆነ፣ ለቤት መሥሪያ የሚከፈለው ዋጋ ከላም ከሚገኘው ጥቅም እጅግ በለጠ። አባት ሞቶ ልጆቹ ርስቱን መካፈል ወይም የውርስ ግብር መክፈል ሲቸግራቸው፣ ገንዘብ ይዞ ቀድሞ የሚደርስላቸው ቤት ሠርቶ የሚሸጠው ነጋዴ ነው።

አውራጃው በ1972 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በ60 ኤከር፣ ማለት በ24 ሄክታር ያህል መሬት ላይ፣ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይሠራ ደነገገ። መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ ምክር ቤት የወሰነውን ሌላው ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ በ1980 ላም አርቢዋ ወይዘሮ ኤለን ስትራውስና የሥነ ሕይወት ዐዋቂዋ ወይዘሮ ፊሊስ ፌበር አንድ የመሬት አደራ ማኅበር አቋቋሙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለርስትነት አንድ መብት ቢመስልም እንደ ነዶ የብዙ መብቶች እስር ነው፤ ማረስ፣ ከብት ማሰማራት፣ ማውረስ፣ መሸጥ፣ ቤት መሥራት በውስጡ አሉ። አርቢው ከነዶው ቤት የመሥራቱንና መሬቱን የመሸንሸኑን መብት ብቻ መዝዞ ለማኅበሩ ይሸጣል ወይም በስጦታ ይሰጣል፤ የቀረው የራሱ ነው። ለምሳሌ መሬቱ በገበያ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ ቤት የማይሠራበት ሲሆን ግን 2 ሚሊዮን የሚገመት ቢሆን፣ የውሉ ዋጋ 1 ሚሊዮን ነው። በስጦታ የሰጠ እንደ ሆነ መንግሥት የገቢ ግብሩን ያቃልልለታል። (መሬት በማይሸጥበት በአገራችን ሕግ ይህ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም።)

ውሉ በመዝገብ ስለሚሰፍር ገዢውንም ወራሹንም ለዘለዓለም ያስገድዳል። ይህ «ለዘለዓለም» የሚለው ቃል እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ አያት የፈረመው ገና ያልተወለደውን የልጅ ልጅ እጅ ያስራል። ማኅበሩም በየዓመቱ መሬቱን እየዞረ የማየት፣ ውሉ ቢጣስ ፍርድ ቤት የመቆም ዕዳ አለበት። ግብር ለመሸሽ ሲሉ ዋጋውን አለልክ የሚያስገምቱ ሸሪኮችም በመብዛታቸው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2022 በሕግ ገደብ አኖረባቸው።

በማሪን እስካሁን ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ፣ በቀድሞው አለካካችን 500 ጋሻ ያህል፣ በውል ተጠብቋል። ይሁንና ቤት አለመሠራቱ ብቻውን ላም አያቆምም። ባለጠጋው ጥብቁን መሬት ለመናፈሻ ገዝቶ ከብቱን ቢያስወጣ የቀድሞው ውል አይከለክለውም ነበር። ማኅበሩም ይህን አይቶ፣ መሬቱ ከእርሻና ከእርባታ ሥራ እንዳይወጣ የሚያስገድድ አንቀጽ በአዳዲሶቹ ውሎች ውስጥ ያስገባ ጀመር።