የጋራ ጉዞና የጋራ ኪሎ፤ ከጋምቤላ የሚበር መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባ የሻንጣ ደንብ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ በኩል ጋምቤላ የሚያደርሰው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም በመሆኑ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ዋና ከተማዋ ለሚመላለሰው የክልሉ ነዋሪ የአውሮፕላን ጉዞ ቅንጦት ሳይሆን አስፈላጊ ነገር ሆኖ ይገኛል። ዘመድ ለመጠየቅ ባዶ እጅ መሄድ ነውር በሆነበት ባህል ውስጥ ደግሞ ደረቅ ዓሣውና ማሩ ወደ አዲስ አበባ፣ በርበሬውና ልብሱ ወደ ጋምቤላ አብሮ ስለሚጓዝ፣ የአንዱ መንገደኛ ኪሎ ሲተርፍ የሌላው ሲጎድል አብረው የሚበሩ ሰዎች የተፈቀደላቸውን ሻንጣ አዳምረው መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ማወቅ ለብዙ ቤተሰብ ጠቃሚ ነው።

ጋምቤላ የጭነት ልክን ከጥንት ጀምሮ የምታውቅ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ባደረጉት ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ለመጫን ይደርሱ የነበረው ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወቅት ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ጭነትን የሚወስነው የውሃው ከፍታ እንደነበረ ሁሉ ዛሬ በአየር ጉዞ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሙቀት ነው፤ በቆላማዋ ጋምቤላ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስና ሞቃት አየር ሳስቶ የክንፍንም የሞተርንም ጉልበት ስለሚቀንስ፣ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚሠራውን ዳሽ 8 ኪው 400ን የመሰለ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን የሚጭነው ክብደት በጥንቃቄ መሰላት አለበት።

አየር መንገዶች የተፈቀደ ሻንጣን፣ ማለትም መንገደኛው ተጨማሪ ሳይከፍል ለጭነት ክፍል የሚያስረክበውን ዕቃ፣ የሚለኩት በሁለት ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ጠቅላላ ክብደትን የሚቆጥር ሲሆን፣ ለምሳሌ ለእያንዳንዳቸው 20 ኪሎ የተፈቀደላቸው እናትና ልጅ ማዳመር ከተፈቀደላቸው የአንዱ ሻንጣ 26፣ የሌላው 13 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 39 ስለሆነ ትርፍ አይከፍሉም። ሁለተኛው ሻንጣን በቁጥር የሚወስን ሲሆን፣ በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች በኢኮኖሚ ክፍል እያንዳንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በዚህ ዘዴ ባልና ሚስት አራት ሻንጣ ከተፈቀደላቸው አንዱ ሦስት ሌላው አንድ ቢያስመዘግብ በአብዛኛው ችግር ባይኖረውም፣ 30 ኪሎ የሚመዝነው ሻንጣ ግን ሌላው 10 ኪሎ ብቻ ስለመዘነ ከትርፍ ክፍያ አይድንም። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚከለከለው ደግሞ በእጃቸው የሚያነሱትን ሠራተኞች ወገብ ለመጠበቅ ነው።

ማዳመርን የሚፈቅዱ አየር መንገዶች መንገደኞቹ በአንድ በረራ ወደ አንድ መድረሻ እንዲሄዱና በአንድ ጊዜ ሚዛን ላይ እንዲቀርቡ የሚጠይቁ ሲሆን፣ ትኬቱ በአንድ የቦታ ማስያዣ ኮድ የተቆረጠ ከሆነ ጉዳዩ ይቀላል። ስለዚህም አንዱ ቀድሞ ሻንጣውን አስረክቦ ከገባ በኋላ የደረሰው ወንድሙ የቀረውን ኪሎ ሊጠይቅ አይችልም። ከአሜሪካ ወይም ከአውስትራሊያ ወደ ጋምቤላ የሚመጡ ቤተሰቦች ደግሞ የአገር ውስጡን በረራ በሌላ ትኬት ከቆረጡ፣ እስከ አዲስ አበባ የተፈቀደላቸው ሻንጣ ከዚያ በኋላ በአገር ውስጡ ልክ ሊተካ ስለሚችል ሙሉውን ጉዞ በአንድ ትኬት መያዝ ይመረጣል።

ሻንጣን ከመጋራት ጋር የኃላፊነት ጥያቄም ይመጣል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት በዓለም አቀፍ በረራ ለጠፋ፣ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሻንጣ የሚከፈለውን ካሳ የሚወስነው በሻንጣ ሳይሆን በመንገደኛ ሲሆን፣ ጣሪያውም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ልዩ የገንዘብ ማውጫ መብት፣ ማለትም የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ፣ ሆኗል። ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ ሲበሩ የአራት ሰው ዕቃ በሁለት ሻንጣ ይዘው ሁለቱም በጠፉባቸው ቤተሰቦች ጉዳይ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ዕቃው በአብሮ ተጓዡ ሻንጣ ውስጥ እንደነበረ የሚያስረዳ መንገደኛ በራሱ ስም ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። ውሳኔው የሚያስገድደው በኅብረቱ አባል አገሮች ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ይሆናል፤ በማን ሻንጣ ምን እንዳለ ዘርዝሮ መጻፍ፣ ፎቶ ማንሳትና የመለያ ወረቀቱን ቁራጭ መጠበቅ መብትን ያስከብራል፤ ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

በሻንጣው ላይ የሚለጠፈው መለያ የሚያመለክተው ያስመዘገበውን ሰው ስለሆነ፣ በውስጡ የተከለከለ ዕቃ ቢገኝ በቅድሚያ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ኪሎ መጋራት የሚገባው አብረው ከሚጓዙና የሻንጣቸው ይዘት በእርግጥ ከሚታወቅ ሰዎች ጋር ብቻ ሲሆን፣ በአየር ማረፊያ በር ላይ የተገናኘ የማያውቁት ሰው ኪሎ ቢለምን ትሕትና ባልተለየው ቃል እምቢ ማለት ጭካኔ ሳይሆን ራስንና ቤተሰብን መጠበቅ ነው። መንገደኞች ትኬት ሲቆርጡ ማዳመር ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ሻንጣቸውን በቤታቸው ይመዝኑ፣ ወደ ሚዛኑም አብረው ይቅረቡ።