ሕዝብ እንዴት ይበዛል? ከነፋስ ስልክ እስከ ማሳችሁ

በረታችሁ ያለውን ከብት ስትቆጥሩ ምን ታደርጋላችሁ? የተወለደውን ትደምራላችሁ፤ የሞተውን ትቀንሳላችሁ። ከገበያ የገዛችሁትን ትጨምራላችሁ፤ የሸጣችሁትን ታወጣላችሁ። የሰውም ቁጥር ስሌቱ ይኸው ነው። አንድ ቀበሌ የሚበዛው በሚወለደውና ከሌላ ቦታ በሚመጣው ነው። የሚያንሰው በሚሞተውና ወጥቶ በሚሄደው ነው። እነዚህ አራት ነገሮች ግን በየቦታው ሚዛናቸው ይለያያል። እንዴት እንደሚለያይ ለማየት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ያለውን የነፋስ ስልክን ሰፈር እንመልከት።

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል። ቃል በነፋስ ይሄዳል ብሎ ሰው የሰጠው ስም ጸንቶ ቀረ። ዙሪያው ግን የእርሻ አገር ነበር። ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞ የሚባሉት ቦታዎች አራሽ ያረሰባቸው ናቸው። ላፍቶ ማለት በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ዛሬ ጀሞ ብትሄዱ የምታዩት ፎቅ በፎቅ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ እርሻ በነበረው መሬት ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል። በከተማው ዳር ካሳውን ተቀብሎ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ የቀን ሠራተኛ ወይም ዘበኛ የሆነ አራሽ አለ።

ቁጥሩን እንይ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቆጠረው ሰው 444 ሺህ ያህል ነበር። በ1976 ዓ.ም. 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ደረሰ። በ1987 ዓ.ም. 2 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ አለፈ። በዚያ ዓመት ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብቻውን 316 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ተገኘ።

ታዲያ የከተማ ሴት ይህን ያህል ትወልዳለች? የለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 2 ልጅ እንኳ አይሞላም ነበር። የገጠሯ ሴት ግን 6 ትወልድ ነበር። ሁለት ወላጆች ከ2 ልጅ በታች ካስቀሩ ሕዝቡ ራሱን አይተካም። በመውለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተማው ቀስ በቀስ ባነሰ ነበር። ግን አላነሰም። በ1987ቱ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነው። ነፋስ ስልክን የሞላው እንግዲህ ማን ነው? የእናንተው ልጅ ነው! በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ስንቁን በፌስታል ቋጥሮ የሄደው ነው። ከመጡት ውስጥ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በሰው ቤት ተቀጥረው እንጀራ የሚጋግሩ፣ ልጅ የሚያዝሉ። በ1999ኙ ቆጠራ በአዲስ አበባ ሴቶቹ ከወንዶቹ ከ100 ሺህ በላይ ይበልጡ ነበር።

ለምን ይሄዳሉ? እርሳስ ያዙና አብረን እናስላ። ባልና ሚስት 8 ጥማድ መሬት አላቸው እንበል። 6 ልጅ ወለዱ፤ 2ቱ ከተማ ገቡ፤ 4ቱ መሬቱን ተካፈሉ። ለእያንዳንዱ 2 ጥማድ ደረሰው። አግብቶ፣ ሚስቱም ከወላጆቿ 2 ጥማድ ብታመጣ በአንድ ጎጆ 4 ጥማድ ሆነ። የእነዚህም ልጆች እንደዚያው 4 ሆነው ቢካፈሉ፣ የልጅ ልጅ ከነሚስቱ የሚያርሰው 2 ጥማድ ብቻ ነው። አያቱ 8 ቀን የጠመደበትን እርሻ እሱ በ2 ቀን ጨርሶ በሬውን ይፈታል። ለዚያውም 2ቱ በየትውልዱ ወጥተውለት ነው። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ደንግጎ መሬቱን አከፋፈለ። በአማራ ክልልም በ1989 ዓ.ም. እንደገና ተሸነሸነ። መሬት ማከፋፈል ግን መሬት ማብዛት አይደለም።

ሕዝብ የሚያድገው እንደ አራጣ ብድር ነው። በብድር ላይ ወለድ ይወለዳል፤ ወለዱም ተደምሮ ሌላ ወለድ ይወልዳል። ቃሉ ራሱ ይናገራል። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. የአገራችን ሕዝብ በየዓመቱ በመቶ ሰው ላይ ከ2 ሰው ተኩል በላይ ይጨምር ነበር። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በዚህ አካሄድ ግን 100 ሰው በ27 ዓመት 200 ይሆናል። በ1976 ዓ.ም. ኤርትራ ሳትጨመር 40 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በመካከሉ የ1977ቱ ረሀብ ብዙ ሰው ፈጅቶ እንኳ ዕድገቱ አልቆመም። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል።

«ድሮም እኮ አያቶቻችን ብዙ ይወልዱ ነበር፤ ለምን ያኔ እንዲህ አልበዛም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ያኔ ብዙ ይወለዳል፤ ብዙም ይሞታል። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ወባ ልጁን ይወስዱት ነበር። በ1992 ዓ.ም. እንኳ ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን የሚሞቱት ወደ 67 ወረዱ። ክትባቱ፣ የምንጭ ውኃው፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ረድተዋል። ሞት ቶሎ ቀነሰ፤ መውለድ ግን ቶሎ አይቀንስም። ሰው የቀበረውን ልጅ ስለማይረሳ «ለሞት» ብሎ ጨምሮ ይወልዳል። ሕዝብ እጅግ የሚበዛው በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። እኔ ግን ዕድሉ መሬትም መሆኑን ተረቱ የዘነጋው ይመስለኛል።

መውለዱም እየተለወጠ ነው። በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ1992 ዓ.ም. 5 ተኩል ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ከ5 በታች ሆነ። ባል ካላቸው ሴቶች ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት በመቶ 6 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ሆኑ። አብዛኞቹ የሚመርጡት መርፌውን ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት በቆየች ቁጥር ጋብቻዋም ይዘገያል፤ የምትወልደውም ያንሳል።

ቢሆንም ቁጥሩ ወዲያው አይቆምም። በረት ሙሉ ጊደር ያለው ሰው እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድለት እንኳ ለብዙ ዓመት ከብቱ መብዛቱ አይቀርም። በ1999 ዓ.ም. ከመቶው ሕዝብ 45ቱ ከ15 ዓመት በታች ነበሩ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል። በጃፓን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከሚወለደው የሚሞተው ስለሚበልጥ ሽማግሌ በዝቶ ልጅ አንሷል።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ሲቆጠር ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተደረገው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ቆጣሪ ሲመጣ ግብር ይጨመርብኛል፣ ወይም ልጅ ሲቆጠር ዓይን ይበላዋል ብሎ የሚደብቅ አለ። የተደበቀ ልጅ ግን ክትባትም ወንበርም ሲታቀድ አይታሰብለትም። ስለዚህ ትናንት የተወለደውንም፣ አልጋ ላይ የዋለችውን አሮጊትም ንገሩ። ነፋስ ስልክ ከገባ ስድስት ወር ያለፈውን ልጃችሁን ግን አታስቆጥሩ፤ እሱ የሚቆጠረው እዚያ ነው።